ነጥብ ሆና የምትታየውን ቬስታን በምን ለካናት?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ሲያጥር እንዲህ ይላል፦ «ቬስታ የተባለችው አስትሮይድ 525 ኪሎሜትር ስፋት እንዳላትና ገጿ ባዛልት እንደሆነ ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ‘በቴሌስኮፕ ነጥብ ሆና የምትታይ ከሆነ ስፋቷንና ክብደቷን በምን ለኩት? ከምን እንደተሠራችስ ማን ሄዶ አየ?’ አለችኝ። የሚያጠግብ መልስ አልነበረኝም። ማን እንዳገኛትና ይህ ሁሉ እንዴት እንደታወቀ ቢያስረዱኝ።»

መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩበትን ጥያቄ ነው። በመጽሐፍ ላይ ስፋት፣ መጠነ ቁስ፣ እፍጋት፣ የመሽከርከሪያ ጊዜ ተብለው በአንድ ሰንጠረዥ የሚደረደሩት ቁጥሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ መሣሪያ የተገኙ አይደሉም። እያንዳንዱ የመጣበት መንገድ ለየብቻ ነው፤ አንዳንዱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል። «ማን ሄዶ አየ?» ለሚለው ደግሞ እኔ ከሁሉም የምወደው መልስ አለ፤ ማንም ከመሄዱ በፊት የቬስታ ድንጋዮች ራሳቸው ወደ እኛ መጥተው ነበር።

ከአገኛኘቷ ልጀምር፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጁሴፔ ፒያዚ በሲሲሊ ደሴት፣ በፓሌርሞ ከተማ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1801 ሴሬስን አገኘ። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው ሰፊ ክፍተት አንድ ፕላኔት መኖር አለበት ተብሎ ሲጠበቅ ስለነበር ሁሉም ተደሰተ። በማግሥቱ ዓመት ግን ሃይንሪሽ ኦልበርስ ሴሬስን ሲከታተል ከፀሐይ በተቀራራቢ ርቀት የምትዞር ሌላ አካል፣ ፓላስን፣ አገኘ። ኦልበርስ በጀርመኗ ብሬመን ከተማ የሚኖር ሐኪም ነበር፤ ቀን በሽተኛ ሲያክም ይውልና ማታ ከቤቱ ፎቅ ሆኖ ሰማይ ይመለከታል። አንድ ፕላኔት በሚጠበቅበት ቦታ ሁለት መገኘታቸው ግራ አጋባው። እነዚህ የአንድ የተሰባበረ ፕላኔት ፍርስራሾች ቢሆኑስ ብሎ አሰበ። እንዲያ ከሆነ ፍርስራሾቹ ሁሉ ፕላኔቱ በፈነዳበት ቦታ ደጋግመው ማለፍ አለባቸው፤ ስለዚህ የሴሬስና የፓላስ ምህዋሮች የሚቀራረቡባቸውን የሰማይ አካባቢዎች መጠበቅ ነው። በ1804 ካርል ሃርዲንግ ጁኖን ሲያገኝ ተስፋው ጨመረ። ማርች 29 ቀን 1807 ኦልበርስ፣ ፈረንጆች ቨርጎ የእኛ የቀድሞ ሊቃውንት ደግሞ ሰንቡላ በሚሉት የኮከቦች ስብስብ ውስጥ፣ በካርታው ላይ የሌለች ደማቅ ነጥብ አየ። ቬስታ ነበረች።

እዚህ ላይ ለተማሪዎችዎ ቆም ብለው ቢነግሯቸው የምወደው ነገር አለ። የኦልበርስ ግምት ስህተት ነበር። በማርስና በጁፒተር መካከል ባለው የአስትሮይድ ቀበቶ ውስጥ ያሉት አካላት ሁሉ ተጠራቅመው ቢመዘኑ ከጨረቃችን መጠነ ቁስ 3 በመቶ ገደማ ቢሆኑ ነው፤ አንድ ትልቅ ፕላኔት ፈንድቶ ይህ ብቻ አይቀርም። አስትሮይዶቹ የጁፒተር ስበት እያመሳቸው ተሰብስበው አንድ ፕላኔት መሆን ያልቻሉ አካላት ናቸው። ሆኖም ግምቱ የት መፈለግ እንዳለበት፣ ምንስ እንደሚጠብቅ ነገረው፤ እሱም በየወሩ ያንኑ የሰማይ ክፍል ሳይሰለች ሲመለከት ከረመ። የተሳሳተ ግምትና የታመነ ምልከታ ተጣምረው አንዲት ዓለም ሰጡን።

ፓላስን ራሱ ሰይሟት ስለነበር የአዲሷን ስም ማውጣት ለሒሳብ ሊቁ ለካርል ፍሬድሪሽ ጋውስ ተወለት። ጋውስ በሮማውያን የምድጃና የቤት እሳት አምላክ ስም «ቬስታ» አላት፤ የመጀመሪያ ምህዋሯንም በ10 ሰዓት ያህል ሥራ አስልቶ ጨረሰ። ከቬስታ በኋላ እስከ 1845 ድረስ፣ 38 ዓመት ሙሉ፣ ሌላ አልተገኘም።

ምህዋሯ ከሁሉም ቀድሞ የታወቀው ነጥብም ብትሆን ነጥቧ በከዋክብት መካከል ስለምትንቀሳቀስ ነው፤ ለዚህ ስፋቷን ማየት አያስፈልግም። ፀሐይን በ3.63 ዓመት አንድ ጊዜ ትዞራለች። አማካይ ርቀቷ የምድር 2.36 እጥፍ፣ ማለትም 353 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ያሠሯቸው፤ ጊዜው በዓመት፣ ርቀቱ በምድር ርቀት ሲለካ የጊዜው ካሬ ከርቀቱ ኪዩብ ጋር እኩል ነው፤ 3.63 በራሱ ሲባዛ 13.2 ገደማ፣ 2.36 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 13.1 ገደማ ይመጣል።

ስፋቷ ግን ሌላ ጣጣ ነው። «አስትሮይድ» የሚለውን ቃል ዊሊያም ኸርሼል በ1802 ያወጣው ትርጉሙ «ኮከብ መሰል» ስለሆነ ነው፤ በትልቁ ቴሌስኮፑ እንኳ እንደ ፕላኔት ክብ ሆነው አልታዩትም። ቬስታ ለምድር በጣም በቀረበችበት ጊዜ ከእኛ 170 ሚሊዮን ኪሎሜትር ትርቃለች። በዚያ ርቀት የምትታየን አምስት ሳንቲሜትር የምታህል ሎሚ 16 ኪሎሜትር ርቃ እንደምትታየው ነው። የከባቢ አየራችን መርገብገብ ብቻውን ከዚያ የበለጠ ምስሉን ያደበዝዛል። ኤድዋርድ ባርናርድ፣ ዓይኑ በጥራቱ የታወቀ ተመልካች፣ በ1890ዎቹ በካሊፎርኒያው የሊክ ምልከታ ጣቢያ በቀጥታ ለክቶ 391 ኪሎሜትር አላት። ከእውነተኛው በሩብ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ የተሻለ አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው በሙቀት በኩል ነው። የምናየው የተንጸባረቀ የፀሐይ ብርሃን ነው፤ ብርሃኑ ብቻውን ግን ያታልላል። ትንሽና ነጭ የሆነ አካል ትልቅና ጥቁር ከሆነ አካል ጋር እኩል ብርሃን ሊልክ ይችላል። ፀሐይ ላይ ሁለት ጨርቅ፣ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር፣ ያስጡና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይንኳቸው፤ ጥቁሩ ይፋጃል። አስትሮይድም እንዲሁ ነው፤ ያላንጸባረቀውን ይሞቅበትና ዓይን በማያየው የሙቀት ጨረር፣ በኢንፍራሬድ፣ መልሶ ይረጨዋል። ሁለቱን፣ የተንጸባረቀውንም በሙቀት የተመለሰውንም፣ ከለካን ስፋቱና የገጹ ንጣት በአንድ ላይ ይወጣሉ። ይህ ዘዴ በ1970 ለቬስታ ሲሠራ ከ500 ኪሎሜትር በላይ እንደሆነች አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቬስታ በአንድ ኮከብ ፊት ስታልፍ በተለያየ ቦታ የቆሙ ተመልካቾች ኮከቡ ስንት ሰከንድ እንደተሸፈነ በመመዝገብ ጥላዋን ለክተዋል። የገጿ ንጣትም የሚገርም ሆኖ ተገኘ፤ ከሚደርሳት ብርሃን 42 በመቶ ያህሉን ታንጸባርቃለች። ሴሬስ 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የምታንጸባርቀው። ሴሬስ 940 ኪሎሜትር ገደማ ሆና ሳለ ቬስታ ከእርሷ ይልቅ ደምቃ የምትታየን ለዚህና ለእኛ ይበልጥ ስለምትቀርብ ነው።

መጠነ ቁሷን ለማወቅ የሚጎትታት ወይም የምትጎትተው ነገር ያስፈልጋል። ቬስታ ጨረቃ የላትም። ነገር ግን አሬቴ የምትባል 197ኛዋ አስትሮይድ በየ18 ዓመቱ ወደ ቬስታ እስከ 6 ሚሊዮን ኪሎሜትር ድረስ ትቀርባለች። በእያንዳንዱ ቅርርብ የቬስታ ስበት የአሬቴን መንገድ በጥቂቱ ያጣምመዋል፤ መጣመሙ ሲጠራቀም በአሥርት ዓመታት መዝገብ ላይ ይታያል። ሃንስ ኸርትዝ የተባለ ተመራማሪ በ1960ዎቹ ይህን መዝገብ ተከትሎ የቬስታን መጠነ ቁስ አሰላ፤ የአስትሮይድ መጠነ ቁስ ሲታወቅ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ያገኘው ቁጥር ዛሬ ከምናውቀው የሚለየው በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በመንኮራኩር አጠገቧ ሳይደረስ፣ የነጥብን እንቅስቃሴ በማየት ብቻ የተሠራ መሆኑን ሳስብ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ዛሬ ያለን ቁጥር 259 ቢሊዮን ቢሊዮን ኪሎግራም ነው፤ ከጨረቃ 280 ጊዜ ገደማ ያነሰ። ይዘቷ 75 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ እፍጋቷ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 3.46 ግራም ይመጣል። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። በረዶና ውኃ የበዛበት አካል 2 አካባቢ ይሆናል፤ ቬስታ ግን ጠንካራ አለት ናት፣ ውስጧም ከገጿ የከበደ ነገር አለ ማለት ነው።

የመሽከርከሪያ ጊዜዋ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ብርሃኗ ከፍ ዝቅ ሲል መቁጠር ነው። ሞላላ የሆነ አስትሮይድ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ሰፊ ጎኑን ስለሚያሳየን ሁለት ጊዜ ይደምቃል። የቬስታ ድምቀት ግን በአብዛኛው የሚለዋወጠው በቅርጿ ሳይሆን አንዱ ጎኗ ከሌላው ስለሚነጣ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ዙር የምትደምቀው አንዴ ነው። ይህ እስኪለይ ድረስ ጊዜው 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ነው ወይስ እጥፉ የሚል ክርክር ለዓመታት ነበር።

አሁን ወደ ተማሪዎ ዋና ጥያቄ እንምጣ፤ ከምን ተሠራች?

በዚያው በ1970 ቶማስ ማኮርድና ባልደረቦቹ የቬስታን ብርሃን በየቀለሙ ተንትነው በ0.9 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ብርሃኑ የሚጎድልበት ቦታ አገኙ። ያንን ብርሃን የሚውጠው ፓይሮክሲን የሚባል ማዕድን ነው፤ ፓይሮክሲን ደግሞ የባዛልት ዋና አካል ነው። ባዛልት ምን እንደሆነ ለተማሪዎችዎ በቃል ማስረዳት አያስፈልግዎትም። የሰሜንና የመካከለኛው ደጋችን ተራሮች በአብዛኛው የተነባበረ ባዛልት ናቸው፤ በአፋር የኤርታ አሌ ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ የሚሆነውም እርሱ ነው። አንድ ጥቁር ድንጋይ ከግቢ አንስተው ያሳዩአቸው። ባዛልት ካለ ደግሞ አለት ቀልጦ ወደ ላይ ወጥቶ ፈሶ ነበር ማለት ነው። 525 ኪሎሜትር ብቻ የምትሰፋ አካል ቀልጣ ታውቃለች!

ይህ ግኝት የተመሳሰለው ደግሞ ከቤተ ሙከራ መደርደሪያ ጋር ነው። ሃዋርዳይት፣ ዩክራይትና ዳዮጀናይት የሚባሉ ከሰማይ የወደቁ ድንጋዮች ቀድሞውኑ ነበሩን። ዩክራይት በቀዘቀዘ ላቫ የተሠራ ባዛልት ነው። ዳዮጀናይት ከሥር፣ በጥልቀት፣ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ አለት ነው። ሃዋርዳይት ሁለቱ በግጭት ተፈጭተው እንደገና የተጣበቁበት ነው። የኦክስጅን አይሶቶፖቻቸው (በክብደት የሚለያዩ የኦክስጅን አተሞች) ምጥጥን በአንድነት ሲታይ የምድርም፣ የጨረቃም፣ የማርስም አይደሉም፤ አብዛኞቹ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ይጠጋል። የቬስታ ብርሃን ከእነዚህ ድንጋዮች ብርሃን ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ገጠመ።

ጥርጣሬ ግን ቀረ፤ ተገቢም ነበር። ከቬስታ የተነቀለ ድንጋይ እንዴት ምድር ይደርሳል? በቀበቶው ውስጥ ወደ ምድር የሚወስዱ መውጫዎች አሉ። አንደኛው ከፀሐይ የምድር ርቀት 2.5 እጥፍ ላይ ነው፤ እዚያ የገባ ድንጋይ ጁፒተር አንዴ ሲዞር ሦስቴ ስለሚዞር፣ የጁፒተር ስበት በተመሳሳይ ቦታ ደጋግሞ እየገፋው ምህዋሩ እየተለጠጠ ወደ ውስጥ ይወረወራል። ቬስታ ግን ከዚያ ወዲህ ናት። በ1993 ሪቻርድ ቢንዘልና ሹ ሹይ የተባሉ ተመራማሪዎች ከቬስታ አንስቶ እስከዚያ መውጫ ድረስ የተበተኑ፣ ቀለማቸው የቬስታ የሆነ ትንንሽ አስትሮይዶች አገኙ። ድልድዩ ተገኘ። በ1996 ደግሞ የሃብል ቴሌስኮፕ ያነሳቸው ምስሎች በደቡብ ዋልታዋ ላይ 460 ኪሎሜትር የሚሰፋ ጉድጓድ አሳዩ፤ ድንጋዮቹ ከየት እንደተፈነቀሉ ታወቀ።

በቅርቡ የሆነ ሌላ ነገር እዚህ ላይ መጨመር አለብኝ፤ በአህጉራችን ስለሆነ። ጁን 2 ቀን 2018 አንድ ሜትር ተኩል ያህል የምትሰፋ ትንሽ አስትሮይድ ገና በጠፈር ሳለች በአሜሪካ የሰማይ አሰሳ ታየች፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ቦትስዋና ላይ ነዳ ፈነዳች። ስብርባሪዋ በማዕከላዊ ካላሃሪ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታ፣ አንበሳና ዝሆን ባለበት በረሃ፣ በእግር ተፈልጎ ተገኘ፤ ሞቶፒ ፓን የሚል ስምም ወጣለት። የእነዚያው የሃዋርዳይት ዘመዶች ወገን ሆነ። ከቬስታ የተነሳ ሊሆን የሚችል ድንጋይ የአፍሪካ አሸዋ ላይ ተኝቶ ተለቀመ ማለት ነው።

ከዚያ በፊት ሰው ሠራሽ መልእክተኛ ሄዶ ነበር። የናሳዋ «ዶውን»፣ በእኛ ቋንቋ «ንጋት»፣ በ2007 ተነሥታ፣ ዜኖን ጋዝን በኤሌክትሪክ እየረጨ በሚገፋ ሞተር አራት ዓመት ገደማ ተጉዛ፣ በጁላይ 2011 ቬስታን መዞር ጀመረች። እስከ ሴፕቴምበር 2012 ከቆየች በኋላ ወደ ሴሬስ ሄደች። በዚህ ጉዞ ስፋቷ በሦስት አቅጣጫ ተለካ፤ 573፣ 557 እና 446 ኪሎሜትር ገደማ፤ ሃብል ያየው ጉድጓድም ሪያሲልቪያ ተባለ። ጉድጓዱ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ በቀጥታ መስመር ያለው ርቀት ማለት ነው። የቬስታ ወርድ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። መካከሉ ላይ ከ20 ኪሎሜትር በላይ የሚነሳ ተራራ አለ፤ ራስ ዳሸን አራት ጊዜ ቢደራረብ አይደርስበትም። ከሥሩ ደግሞ ቬኔኔያ የሚባል የቀደመ፣ 400 ኪሎሜትር ገደማ የሚሰፋ ሌላ ጉድጓድ ተገኘ። ግጭቶቹ ቬስታን እንደ ደወል ስላናወጧት በወገቧ ዙሪያ ረጃጅም ስንጥቆች ተፈጥረዋል።

የመንኮራኩሯ መሣሪያዎች ገጹ ላይ ያለውን የብረት፣ የሲሊከንና የኦክስጅን ምጥጥን ለክተው ከእነዚያ ድንጋዮች ጋር አመሳከሩት፤ ተስማማ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የብርሃን ንጽጽር ብቻ የነበረው ዝምድና በዚህ ጸና።

ታዲያ ይህች ትንሽ አካል በምን ቀለጠች? ሥርዓተ ፀሐይ ሲወለድ አሉሚኒየም 26 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነበረበት፤ በ700 ሺህ ዓመት ገደማ ግማሹ ይጠፋል፤ ሲጠፋም ሙቀት ይሰጣል። ዘግይተው የተሠሩ አካላት ሙቀቱ ካለቀ በኋላ ስለደረሱ አልቀለጡም። ቬስታ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ስለተሠራች ትኩሱን አገኘችው። ስትቀልጥ ብረቱ ወደ መሐል ሰጠመ፣ ቀላሉ አለት ወደ ላይ ወጣ፤ እንደ እንቁላል አስኳልና ቅርፊት ያላት ሆነች። ከዶውን መረጃ መጀመሪያ የተሰላው የብረት አስኳል ከመሐል እስከ ዳሩ 110 ኪሎሜትር ገደማ ነበር። በ2025 የወጣ፣ ያንኑ መረጃ እንደገና በጥንቃቄ የመረመረ ጥናት ግን አስኳሏ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ ክርክር ገና ይቀጥላል፤ ስለዚህ በሰሌዳ ላይ የአስኳሉን ቁጥር ሲጽፉ በእርሳስ ይሁን።

ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁት አንድ ነገር በአጭሩ ልበል፤ ሴሬስ ድንክ ፕላኔት ስትባል ቬስታ ለምን አልተባለችም? ድንክ ፕላኔት ለመባል በራስ ስበት ተስተካክሎ የረጋ ቅርጽ ያስፈልጋል። ቬስታ ቀልጣ በነበረችበት ዘመን እንዲያ ነበረች፤ ከቀዘቀዘችና ከጠነከረች በኋላ ግን ሁለቱ ግጭቶች ደቡቧን ቆርሰው ወሰዱት፣ ስበቷም መልሶ ሊያስተካክለው አልቻለም። የገጿ ስበት ከምድር 40 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው፤ እዚህ 60 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ እዚያ አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ይመዝናል።

በመጨረሻ፣ ከቻሉ ያሳዩአቸው። ቬስታ በየ16 ወር ተኩሉ ገደማ በሰማያችን ከፀሐይ ተቃራኒ በኩል ትሆናለች፤ በጥሩዎቹ ዓመታት፣ ከከተማ መብራት በራቀ ጨለማ ውስጥ፣ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ለመታየት የምትበቃ ብቸኛዋ የቀበቶው አካል ናት ማለት ይቻላል። በተራ ባይኖኩላር ግን በአብዛኛው ጊዜ ትገኛለች። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ከአናታችን ብዙም ሳትርቅ ታልፋለች፤ ጊዜው ክረምት ላይ ከወደቀ ብቻ ደመናው ይከለክላል። ቦታዋን ከሰማይ ካርታ አውጥተው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በባይኖኩላሩ የሚያያቸውን ነጥቦች በሙሉ ወረቀት ላይ ይሳል፤ የትኛዋ ቬስታ እንደሆነች አይንገሯቸው። ከሁለት ሌሊት በኋላ ያንኑ ቦታ እንደገና ይሳሉ። በቀን የጨረቃን ግማሽ ወርድ ያህል ስለምትሄድ ከነጥቦቹ አንዷ ቦታዋን ለቃ ያገኟታል፤ ኦልበርስም በ1807 ያደረገው ይህንኑ ነበር።